ስለ ሁዋቾን በረዶ

ባለፈው የዕረፍት ወራት አራት ሆነን ከቹንቾን ከተማ ወደ ሁዋቾን ተራሮች ወጥተን በበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድን ሞክረን ነበር። ከተመለስን ወዲህ በማደሪያችን ክርክር ተነሥቷል። አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «አያቶቻችን በወደቁበት ምድር እንዴት ሄዳችሁ ትቦርቃላችሁ?» ይሉናል። ነገሩ በቀላሉ የሚታለፍ ስላልሆነ በዚህ መጽሔት መልስ መስጠት ተገቢ መስሎናል።

በመጀመሪያ ያየነውን እንናገር። ሁዋቾን ከሰሜን ኮሪያ ወሰን አጠገብ ያለ፣ በተራራ የተከበበ የገጠር አውራጃ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ጥር ገደማ ወንዙ ላይ በረዶ ሲጋገር የዓሣ በዓል ይደረግበታል። በበረዶው ላይ ጣሳ የሚያህል ቀዳዳ ይበሳል፤ እኛም በደረታችን ተኝተን ወደ ውስጥ እያየን አጭሩን መንጠቆ ከፍ ዝቅ እናደርግ ጀመር። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም አልያዝን። ከጎናችን የነበሩ ባልቴት አዘኑልንና፣ ክሩ ወለሉን እስኪነካ ለቀን ስንዝር ያህል አንሥተን እንድናወዛውዘው በእጃቸው አሳዩን። ወዲያው ሁለት ትራውት ያዝን። ቀኑ ረቡዕ ነበርና ከመካከላችን አንዱ ዓሣ ይጾማል አይጾምም እያለ ሲከራከር ድርሻውን ሦስታችን በላንበት።

«ይህማ ማጥመድ አይባልም» የሚሉን እውነት አላቸው። ዓሣው በእርባታ አድጎ ለበዓሉ የሚለቀቅ ነው። በባዶ እጅ የሚያዝበት ገንዳም አለ፤ እርሱን እኛም አልወደድነውም። በ2012 ዓ.ም. የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ለዐቃቤ ሕግ አቤት ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስለ አያቶቻችን በተባለው ግን አንስማማም። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ቡሳን ወርዶ በእነዚሁ በሁዋቾን ተራሮች ተዋግቷል። ከ6,000 በላይ ወታደሮች ተራ በተራ ዘምተው ከ120 በላይ ወድቀዋል። ክረምት ሲባል ዝናብና ጭቃ ብቻ የሚያውቅ የአገራችን ሰው ያን ብርድ በምሽግ ውስጥ እንዴት ቻለው? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘነውም፤ እግራችን ሲደነዝዝ ነው የመጣብን። አውራጃውም አልረሳም፤ ለዘማቾቹ የልጅ ልጆች የትምህርት ርዳታ ይሰጣል። ባልቴቲቱ ከየት እንደ መጣን ጠይቀው «ኢትዮጵያ» ስንላቸው መንጠቆአቸውን አስቀምጠው የሁላችንንም እጅ ጨበጡ። ታዲያ ማደሪያ ቤት ተቀምጦ ማዘን ከዚህ በምን ይበልጣል?

ስለዚህ በሚመጣው ዓመት ጉዞው በማኅበራችን ስም እንዲደረግ እናሳስባለን። ጠዋት፣ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የተመረቀው የቹንቾኑ ሐውልት ይጎብኝ፤ ከዚያ ወደ በረዶው ይወጣ። የእጅ መያዣው ገንዳ ይቅር። ካልሲ ሁለት ሁለት ይደረብ። በ2012 ዓ.ም. በረዶው በሙቀት ምክንያት ሳይጋገር ቀርቶ በዓሉ ዘግይቶ ነበርና፣ የአውቶቡስ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ቀኑ ይጠየቅ።