ዝናሙ ካባራ በኋላ ስለሚሰማ ዜማ

ባለፈው ጊዜ በዚህ ዐምድ ልብስንና እህልን ከክረምት ሻጋታ ስለ ማዳን ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ስለ ጆሮ ልንነጋገር እወዳለሁ። ክረምት በልብስ ላይ ሻጋታ እንደሚተው ሁሉ በጆሮም ላይ የሚተወው ነገር አለና፤ ይኸውም ወራት ሙሉ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ የከረመው የዝናም ድምፅ ነው። በጎንደር ከተማ የሐምሌና የነሐሴ ዝናም ሲበረታ አባትና ልጅ በአንድ ገበታ ተቀምጠው ሳይጮኹ አይደማመጡም። በችሎትም ቢሆን ምስክሩ ቃሉን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሳይደግም በመዝገብ አይጻፍለትም፤ ይህነንም የምናገረው ብዕሩን የምይዘው እኔው ስለ ሆንሁ ነው።

መስከረም 26 ቀን ግን መጸው ይገባል። እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ድረስ ይቈያል። ቀሃና አንገረብ ከሙላታቸው ይጎድላሉ፤ ሰማዩ ይጠራል፤ ከፋሲል ግንብ ማዶ የሚጮኽ ውሻ ከወዲህኛው ሰፈር ይሰማል። ሰው በድንገት ጆሮው የተከፈተለት ይመስለዋል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን ስለዚሁ ወራት የተጻፉ የእንግሊዝ ግጥሞች ያስነብቡን ነበር። ነገራቸው ሁሉ ስለ ቅጠል መርገፍ፣ ስለ ጉምና ስለ ሽኝት ነበረ፤ አሜሪካኖችማ የወራቱን ስም እንኳ ከዚሁ ከመርገፉ ወስደው ሰይመውታል። እኔም በመስኮት አሻግሬ ብመለከት ሜዳው አደይ አበባ ለብሶ ቢጫ ሆኗል፤ ስለዚህ መምህሩ የተሳሳቱ መስሎኝ በልቤ ሣቅሁ። የተሳሳተስ አልነበረም፤ በእነርሱ አገር ፀሐይ በምትርቅበት ወራት በእኛ አገር ደመና ይገፈፋል። ለእነርሱ የማርጀት ወራት የሆነው ለእኛ የእሸት ወራት ነው።

ሆኖም በእኛም መጸው ውስጥ ከደስታው ጋራ የተቀላቀለ የናፍቆት መንፈስ መኖሩን ጕልምስና ላይ ስደርስ ተረዳሁት። ምክንያቱም መንገድ ነው። ወንዝ ሲጎድል መንገድ ይከፈታል፤ መንገድ ሲከፈት ሰው ይሄዳል። የወገራና የደንቢያ ጎበዝ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ቋራ ቈላ ይወርዳል፤ የቆሎ ተማሪ መምህር ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር ያቀናል። አበባው በሞላበት ሳምንት ከብዙ ቤት አንድ ሰው ይጎድላል። ትዝታ የሚባለው ቅኝት በዚህ ወራት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ልብን የሚነካው ስለዚህ ይመስለኛል። ትዝታ እንደ ባቲ፣ እንደ አምባሰልና እንደ አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ የሚሠራ ቅኝት ነው። የሚዘፍነው ሰው ግን ስለ አምስቱ ድምፅ አያስብም፤ ስለ ሄደው ሰው ያስባል።

ሁለተኛው ምክንያት ከመሣሪያዎቹ ከራሳቸው የመጣ ነው። ማሲንቆ ባለ አንድ አውታር ሲሆን አውታሩም የደጋኑም ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ ሣጥኑም በቆዳ ይለበጣል። ክራርም እንደዚሁ ገበቴው በቆዳ የተሸፈነ ነው። ቆዳ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፤ በክረምት ይረግብና ድምፁ ጉንፋን እንደ ያዘው ሰው ድምፅ ይሆናል። ጥቅምት ሲገባ ደረቁ ነፋስ ቆዳውን ይወጥረዋል፤ ዕጣን የተቀባው ጭራም አውታሩን ይነክሳል፤ ማሲንቆው ያን ጊዜ የሰው ጕሮሮ የሚመስል ድምፅ ያወጣል። እንግዲህ ወራቱ ለዜማው ተስማማ ማለታችን የቅኔ አነጋገር ብቻ አይደለም፤ ቆዳው ራሱ የሚመሰክረው ነው።

ከጎንደር ወደ ሰሜን ወጥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሰው በዚህ ወራት ዋሽንት ሳይሰማ አይቀርም። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነውና ሌሊቱ ይበርዳል፤ ገብሱ ግን ይደርሳል፤ ገብሱ ሲደርስም ጭላዳ ከገደሉ ብቅ ይላል። ልጆች ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው ቀኑን ሙሉ እህል ሲጠብቁ ይውላሉ። የሥራ ፈትነት ጨዋታ የሚመስለው ዋሽንት በእውነቱ የእንዲህ ያለ ጥበቃ ጓደኛ ነው። ከሸምበቆ የሚሠራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ አለው፤ ቁመቱም የድምፁን ውፍረትና ቅጥነት ስለሚወስን ባለሙያ ነፊ ልዩ ልዩ ቁመት ያላቸውን ብዙ ዋሽንቶች አስሮ ይይዛል። በሸለቆ ማዶ የተቀመጠ ሌላ ልጅ ሲመልስለት የሰማ ሰው ይህ መሣሪያ ለአዳራሽ ሳይሆን ለገደል እንደ ተሠራ ያውቃል።

በከተማችን ደግሞ የዚህ ወራት ሌሊት የማኅሌተ ጽጌ ሌሊት ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 6 ቀን ድረስ በየእሑዱ ሌሊት ካህናቱ በከበሮ፣ በጽናጽልና በመቋሚያ አባ ጽጌ ብርሃን የደረሱትን ማኅሌት ይቆማሉ። ልጅ ሳለሁ የዜማ ቤት ተማሪ ነበርሁና እነዚያን ሌሊቶች በእንቅልፍና በዜማ መካከል እየተንገዳገድሁ አሳልፌአለሁ። ማኅሌት ጸሎት ነውና ከዘፈን ጋራ በአንድ ሚዛን አላስቀምጠውም፤ ነገር ግን ሌሊቱ ሲነጋጋ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በየደጃፉ ቆመው የሚያንጐራጕሩ ላሊበሎች ያጋጥሙን ነበር። በብዙ ቦታ ያለ መሣሪያ፣ በሰው ድምፅ ብቻ፣ የባለቤቱን ስም እያነሡ ይዘፍናሉ፤ ምጽዋት ሲቀበሉም መርቀው ይሄዳሉ። ዝናሙ ካባራና እህል ወደ ቤት ከገባ በኋላ ይበዛሉ። ሚስትና ባል በአልጋ ላይ ሆነው ስማቸው በውጭ ሲዘመር ሰምተው የሚነቁበት አገር ከእኛ ሌላ ይኖር እንደ ሆነ እንጃ።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልመጣ ነው፤ እርሱም የአዝማሪ ነገር ነው።

ከጎንደር ብዙም ሳይርቅ በማክሰኚት በኩል ቡርቧክስ የሚባል የአዝማሪዎች መንደር አለ፤ ልጆች ማሲንቆን ከአባቶቻቸው ይማራሉ፤ ብዙዎቹም እርሻ ያርሳሉ። ስለ አገራችን የዜማ መሣሪያ ለመጻፍ የውጭ ሰዎች ከእኛ ቀድመዋል። በ1770 በአውሮፓ አቈጣጠር ወደ ጎንደር የመጣው የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ በአገራችን ያያቸውን ስድስት መሣሪያዎች በደብዳቤ ጽፎ ለሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊው ለቻርልስ በርኒ ልኮለት ነበር። በእኛም ዘመን ጃፓናዊው ኢትሱሺ ካዋሴ የጎንደርን የአዝማሪ ልጆችና ላሊበሎቹን በፊልም አንሥቶ ለዓለም አሳይቷል። ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ የሚያጠናቸውን እኛ ግን በሠርጋችን እንጠራቸዋለን፤ ሲጨርሱም ከማዕዱ ዳር እናስቀምጣቸዋለን።

አንድ ጊዜ በችሎት አንድ ሰው ለምስክርነት ቀረበ። ዳኛው ሥራውን ሲጠይቁት «ገበሬ ነኝ» አለ። በችሎቱ የተቀመጠ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ በሠርግ ላይ ማሲንቆ ሲመታ የምናውቀው ሰው ነበር። ማረሱም ሐሰት አልነበረምና ገበሬ ብዬ ጻፍሁ። ሰውዬው ግን ወዲያው አንገቱን ሲደፋ አይቼው ነበር፤ ይህም ነገር እስካሁን ድረስ ከልቤ አልወጣም።

ይህነን የምተርክላችሁ በገዛ ቤቴ ስለ ደረሰብኝ ነገር ነው። በ2015 ዓመተ ምሕረት በነሐሴ ወር ውጊያ ወደ ከተማችን ደርሶ የሰዓት እላፊ ተጣለ፤ በተከተለውም መጸው ሰው ሁሉ ገና በጊዜ ወደ ቤቱ ይከተት ነበር። የአዝማሪ ቤቶች ፀጥ አሉ፤ ሠርግም ከሆነ በቀን ሆነ። በእኛ ቤት እናቴ ታማ ነበርና እንቅልፍ እንቢ አላት። ያን ጊዜ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ የነበረው ልጄ ከጓደኛው የተዋሰውን ማሲንቆ ደብቆ ኖሮ፣ አንድ ማታ ከአልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ እጅግ ዝግ አድርጎ ትዝታ ይመታላት ጀመር። እውነቱን ለመናገር መምታት አይባልም፤ መፈለግ ነበር። እናቴ ግን «ድገመው የኔ ጌታ» አለችው። እኔ በወዲያኛው ክፍል መዝገብ እየጻፍሁ ሰማሁ፤ ብዕሬንም አስቀመጥሁ። ተነሥቼ የገባሁት ግን ላመሰግነው አልነበረም፤ ልከለክለው ነበር። ሰፈሩ ምን ይላል? የችሎት ጸሐፊ ልጅ አዝማሪ ሆነ ሊባል ነው? እናቴ በተኛችበት ሆና ቀና ብላ ተመለከተችኝና «ልጄ፣ ቁጭ በል» ብቻ አለችኝ። ቁጭ አልሁ።

እናቴ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ዐረፈች። ከዚያ በኋላ ልጁን ልከለክለው አፍ አልነበረኝም።

በዚህ ነገር ብዙ አሰብሁበት። የወይዘሮ አስናቀች ወርቁን ክራር በቤታችን በደስታ እንሰማለን፤ በመስከረም 2004 ዓመተ ምሕረት ባረፉ ጊዜም ብዙ ሰው አዝኗል። በ1955 ዓመተ ምሕረት ሐሊም ኤልዳብ የሚባሉ የግብፅ ተወላጅ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድነት ያሰለፈውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን በአዲስ አበባ ሲመሠርቱ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች አልናቁትም። በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ማሲንቆ በመምህር ይሰጣል። ታዲያ በሩቅ ሲሆን የምናከብረውን በደጃችን ሲሆን የምንንቀው ስለ ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘሁለትም፤ ያገኘሁት ነገር ቢኖር አስተማሪ ብቻ ነው።

ለልጆቻችሁ መሣሪያ ለመግዛት የምታስቡ ወላጆች ሆይ፤ ለጎብኝዎች ጌጥ ተብሎ የሚሸጠውን ትንሽ ቀለም የተቀባ ክራር አትግዙ፤ መቃኛው አይዞርምና ልጁ ሳይጀምር ይሰለቻል። ቆዳው የተወጠረና ስንጥቅ የሌለው መሆኑን በጣታችሁ መታ አድርጋችሁ ስሙ። የክራሩ አውታር ዱሮ ከጅማት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ናይሎንም ሽቦም ይሆናል፤ ለቤት ግን ናይሎኑ ለጆሮ ይለሰልሳል። መሣሪያውን ከምድጃ አርቃችሁ ስቀሉት፤ በክረምት ግን ወደ ሙቀቱ አቅርቡት። ከሁሉ በፊት ከራት በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቴሌቪዥኑንና ስልኩን ዝም አሰኙ። እነዚህ መሣሪያዎች ኤሌክትሪክ ሳይታወቅ ለአንድ ጎጆ ስፋት ተለክተው የተሠሩ ናቸው፤ በሠርግ ቤት እንደምናየው በትልቅ ድምፅ ማጉያ ሲጮኹ የማሲንቆው ጭራ ድምፅ ጠፍቶ የሚቀረው ጩኸቱ ብቻ ነው። የበገናውን ነገር ለዐቢይ ጾም ላቈየው፤ እርሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

አስተማሪው ከቡርቧክስ ወገን የሆነ ጕልማሳ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤታችን ይመጣል። የዜማ ቤት መምህሬን «የኔታ» ብዬ፣ የሚሲዮኑን መምህር አንቱ ብዬ ያደግሁ ሰው ስሆን፣ ይህን ሰው በመጀመሪያው ቀን በደጃፍ ተቀብዬ «ና ግባ» አልሁት። ልጄ «ጋሼ» ብሎ ይጠራዋልና ቀና ብሎ አየኝ። አስተማሪው ግን የለመደው ስለ ሆነ ምንም አልመሰለውም፤ ገብቶ ከበሩ አጠገብ ከምትገኘው ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። በሁለተኛው ቅዳሜም እንደዚሁ ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ቀደም ብዬ በርጩማዋን ከበሩ አጠገብ አነሣሁና እናቴ ትቀመጥበት የነበረውን ወንበር በመስኮቱ በኩል፣ ብርሃን በሚገባበት፣ አስቀመጥሁ። ሲመጣም «ይግቡ» አልሁት። ወደ ኋላው ዘወር ብሎ ሌላ ሰው የመጣ እንደ ሆነ ተመለከተ። ማንም አልነበረም። ገብቶ ተቀመጠ፤ ማሲንቆውን ከጨርቁ ፈትቶ አውታሩን ቃኘ፤ ልጁም ደጋኑን ከየት መጀመር እንዳለበት ዳግመኛ ጠየቀው።