የትርፍ ግብርና የኪሳራ ሚዛን

ግብር የመንግሥት ሥራ መሠረት መሆኑ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ግብር የሚጸናው በሕግ ስለ ተጻፈ ብቻ አይደለም፤ ከፋዩ ሚዛኑ የቀና ነው ብሎ ሲያምንበት ነው። ስለዚህ በአሜሪካ አገር አክሲዮን ገዝቶ ብዙ ሳይቈይ በሚሸጥ ሰው ላይ የተሠራው ሕግ ሊመረመር ይገባዋል።

በዚያ አገር ሕግ፥ አንድ ሰው የገዛው አክሲዮን ዋጋው ቢጨምርለት እስኪሸጠው ድረስ ግብር አይጠየቅበትም፤ ገና በማሳ ላይ ያለ እህል በቁና እንደማይሰፈር ማለት ነው። በሸጠው ጊዜ ግን ያቈየበት ዘመን ይቈጠራል። አንድ ዓመት ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ አቈይቶት እንደ ሆነ፥ ትርፉ እንደ ደመወዝ ተቈጥሮ፥ እንደ ገቢው መጠን ከመቶ ከ10 እስከ 37 እጅ ይከፍልበታል። ከአንድ ዓመት በላይ ያቈየው ግን እንደ ገቢው መጠን ወይ ምንም አይከፍልም፥ ወይ ከመቶ 15 ወይም 20 እጅ ይከፍላል። ለምሳሌ ከመቶ 24 እጅ በሚከፈልበት ደረጃ ያለ ሰው በ10,000 ዶላር የገዛውን በ6 ወር ውስጥ በ14,000 ቢሸጥ፥ ከ4,000ው ትርፍ 960 ዶላር ይከፍላል፤ ከዓመት በላይ ቢታገሥ ኖሮ ግን 600 ብቻ በከፈለ ነበር።

ለታጋሹ ግብር ማቅለል የተጀመረው በ1921 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በወጣው ሕግ ነው። አንዳንድ ሰዎች ይኽ ሥርዓት ፈጣኑን ነጋዴ መቅጣት ነው ይላሉ። ነገር ግን ቅጣት አይደለም። ስለ ምን ቢሉ፥ አስተማሪውና የቀን ሠራተኛው በላባቸው ካገኙት የሚከፍሉትን ያኽል፥ በጥቂት ቀን ያተረፈውም ቢከፍል እኩልነት ነው እንጂ ግፍ አይባልም።

ግፉ የሚታየው በኪሳራው ዘንድ ነው። አንድ ሰው በአንዱ ዓመት 30,000 ዶላር አትርፎ ግብሩን ከከፈለ በኋላ፥ በሚቀጥለው ዓመት 30,000 ቢከስር፥ በሁለቱ ዓመት ያገኘው ምንም የለም። ሕጉ ግን የከፈለውን አይመልስለትም። ሌላ የአክሲዮን ትርፍ ካላገኘም ከደመወዙና ከሌላው ገቢው ላይ በየዓመቱ የሚቀነስለት 3,000 ዶላር ብቻ ስለ ሆነ፥ ኪሳራውን ለመጨረስ 10 ዓመት ይጠብቃል። ይኽም 3,000 የተወሰነው በ1978 ሲሆን፥ የገበያው ዋጋ ብዙ ጊዜ ሲጨምር እርሱ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም።

ሕግ አውጪዎቹ ይኽን ወሰን ያደረጉት ባለጠጋው የከሰረውን ብቻ እየመረጠ በመሸጥ ከደመወዙ ግብር እንዳያመልጥ ነው፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። ሆኖም ኪሳራው ወደ ኋላ ተመልሶ ባለፈው ዓመት ከተገኘው የአክሲዮን ትርፍ ላይ ብቻ ቢቀነስ፥ የደመወዙ ግብር አይነካም፤ ሚዛኑም ይቀናል። ሸጦ ወዲያው መልሶ በመግዛት የሚደረገውንም ማታለል፥ ከሽያጩ በፊትና በኋላ ባለው 30 ቀን ውስጥ ያንኑ የገዛ ኪሳራው ለጊዜው እንዳይታሰብለት የሚያዘው ድንጋጌ ይጠብቀዋል።

በአዲስ አበባም የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2025 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ተከፍቷል። እንግዲህ ስለ ግብር የሚመክሩ ሹማምንት ከሌላው አገር ሲማሩ፥ የትርፉን መስፈሪያ ብቻ ሳይሆን የኪሳራውንም አብረው ይመልከቱ። በደስታው ቀን ተካፋይ የሆነ መንግሥት በኀዘኑ ቀን ፊቱን ቢያዞር፥ ሕዝቡ ግብሩን እንደ ዕዳ እንጂ እንደ ፍርድ አያየውምና።