ከኬኩ በፊት ቀኑ ይጻፍ



ስለ ልጆች የልደት በዓል ልጽፍ ነው ስል ከመካከላችሁ ፈገግ የሚል እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። «አገሩ ይህን ሁሉ ጭንቀት ተሸክሞ ሳለ የምን ሻማ፣ የምን ኬክ ነው?» የሚለኝም ይኖራል። የሆነ ሆኖ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ እንድትፈርዱ እለምናለሁ። ነገሬ ከኬክ ይጀምራል እንጂ በኬክ አያልቅምና።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ወደ ሳንጃ ወረድሁ። ሳንጃ፣ ለማታውቋት፣ ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ደጋውን ለቃችሁ ቆላውን ስትይዙ የምታገኟት የታች አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። በክልላችን ጦርነት ከተነሣበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ለመንገደኛ «በሰላም ግባ» የሚባለው ምርቃት የወግ መሆኑ ቀርቶ የምር ሆኗል። እኔም በሰላም ገባሁ፤ እናቴም አገላብጣ ሳመችኝ።

ገና ቡናው ሳይፈላ ታናሽ እኅቴ ጉልበቴ ላይ ወጥታ ጥያቄዋን አመጣች። ከፋሲካ በኋላ እናታችን ይዛት ጎንደር አክስታችን ዘንድ ሰንብተው ነበር። እዚያም የአክስታችን ልጅ ልደት ሲከበር፣ ፊኛ ሲነፋ፣ ሻማ ሲበራ፣ ልጁም የወረቀት ዘውድ ደፍቶ ሲዘፈንለት አይታለች። «አያ፣ የኔስ ልደት መቼ ነው?» አለችኝ።

እኔ ወደ እናቴ ተመለከትሁ። እናቴም «ሰሊጡ ሲራገፍ ነው» አለች። አባቴ ግን «የለም፣ አጨዳው ገና አላለቀም ነበር። እኔ ከሠራተኛው ጋር ማሳ ውስጥ ሳለሁ ነው መልእክተኛ የመጣብኝ» አለ። እሷ ጥቅምት ነው ስትል እሱ አይደለም እያለ፣ እሱ መስከረም መጨረሻ ነው ሲል እሷ እየሳቀችበት ክርክሩ ቀጠለ። ሕፃኒቱ አንድ ጊዜ የእናቷን፣ አንድ ጊዜ የአባቷን ፊት ስታይ ቆየችና «እንግዲያ እኔ ቀን የለኝም?» አለች።

ጓደኞቼ፣ ይህን ቃል በቀልድ ላልፈው አልቻልሁም። እኔ ራሴ በዩኒቨርሲቲ ፎርም ሁሉ ላይ የምሞላው መስከረም 1 የተወለድሁበት ቀን አይደለም። አንደኛ ክፍል ስገባ መምህሩ ቁመቴን አይቶ የሰጠኝ ቀን ነው። ከገጠር የመጣን ሁሉ መታወቂያችንን አውጥተን ብንተያይ በመስከረም 1 የተወለደው ሰው ብዛት የሚያስቅ ይመስለኛል። ደግሞም የሚያሳዝን።

በልደት በዓል ነገር ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ወገን «ልደት ማክበር የፈረንጅ ነው፤ የእኛ አይደለም» ይላል። ለዚህ ወገን የምመልሰው አጭር ነው። በግንቦት 1 ቀን ጎረቤት ሁሉ ከቤት ውጭ ተሰብስቦ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ቡና አፍልቶ የሚመራረቅበት ልደታ የእመቤታችን የልደት ቀን አይደለምን? ታኅሣሥ 29 የጌታችን ልደት ሲከበር የላሊበላ ሰው የንጉሥ ላሊበላንም ልደት አብሮ አያከብርምን? ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መውሊድን ያከብራሉ። ከመተማ ወሰን ማዶ ያሉት ሱዳኖች ደግሞ ለዚያ በዓል ለልጆቻቸው ከስኳር አሻንጉሊት ይሠራሉ። ሐምሌ 16 ቀንም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልደት ነው እየተባለ እስከ ዘውዱ ማብቂያ ድረስ የአገር በዓል ነበር። የአንድ ንጉሥ ልደት አገር ሁሉ ሥራ ፈትቶ ሲያከብረው የእኛ ከሆነ፣ የአንዲት የሳንጃ ሕፃን ልደት እንደምን ፈረንጅ ይሆናል?

ሁለተኛው ወገን ደግሞ በዓሉን ይወዳል፣ ነገር ግን ወጪውን አብልጦ ይወዳል። በከተማው አዳራሽ ተከራይቶ፣ ፎቶ አንሺ ጠርቶ፣ ልጁ ገና ስሙን መጥራት ሳይችል የሠርግ ያህል ድግስ የሚደግስ ሰው አይተናል። ጎረቤት ደገሰ ተብሎ የሚበደርም አለ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ይኸው ነው። የዕረፍት ጉዞውም እንዲሁ ነው። ልጅን ይዞ የፋሲልን ግንብ ማሳየት፣ ጣናን ማሻገር መልካም ነገር ነው፤ ልጅ አገሩን በዓይኑ ሲያይ ይማራልና። ጉዞው ግን ለፎቶ ሲባል ብቻ የሚደረግ ከሆነ የሰው ወርቅ አያደምቅም ብዬ አልፈዋለሁ።

በበኩሌ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። አንዱ የልጅን ደስታ ይንቃል፤ ሌላው ደስታውን በብር ይለካል። ሁለቱም የዘነጉት ነገር አለ። ይኸውም በአገራችን ለብዙ ልጆች የጎደለው ኬኩ ሳይሆን ቀኑ ራሱ መሆኑ ነው።

የቆላውን ኑሮ ለማያውቅ ጓደኛ ትንሽ ላስረዳ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ሰሊጥ የሚታረምበት ወራት ነው። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ብዙ ሳይቆይ ደግሞ አጨዳው ይደርሳል። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ታግሦ አይጠብቅም፤ ከደረሰ በኋላ ከዘገዩበት ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ እጅ ያለው ሁሉ ይፈለጋል። ከደጋው በሺሕ የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ ይወርዳል፤ ከሠራተኛውም መካከል ገና ጢም ያላቆጠቆጠ ልጅ ይገኝበታል። የከተማ ልጅ በክረምቱ ዘመድ ሊጠይቅ ሲጓዝ፣ የነዚህ ልጆች ጉዞ ወደ ማሳ ነው። ዕረፍት የሚባለውም ስሙ ብቻ ነው። ከወባውና ከካላዛሩ ጋር ተጋፍጠው የሚመለሱ አሉ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ደርሰው የሚድኑም፣ ሳይደርሱ የሚቀሩም አሉ።

አገሪቱ በ2011 ዓ.ም. ባወጣችው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ክልክል መሆኑ መልካም ነው። ነገር ግን ማሳው ዳር ለቆመው ልጅ 15 ዓመት መሙላት አለመሙላቱን የሚመሰክርለት ማን ነው? በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 አድርጓል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ብሎ ነበርና ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ዳሩ ግን ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተቆርጦ፣ «ልጅቱ ደርሳለች» ሲባል፣ አልደረሰችም የሚል ወረቀት ከሌለ ክርክሩ በቁመትና በደረት ይሆናል። ትምህርት ቤት ለመግባትም የቀኝ እጅን በራስ ላይ አሳልፎ የግራ ጆሮን መንካት እንደ ዕድሜ ማስረጃ ሲቆጠር የኖረ አይደለምን? ክንዱ ያጠረ ልጅ አንድ ዓመት ይቀጣል ማለት ነው።

ይህ ጉድለት ከአገር ሲወጡም ይከተላል። በአርማጭሆና በመተማ በረሐ በእግራቸው ወደ ሱዳን የተሻገሩት ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያንም በገዳሪፍ በኩል ኡም ራኩባ በተባለው መጠለያ ሰንብተዋል። ከስደተኞቹ መካከል የልደት ቀኑን የማያውቀው ሰው በየደረሰበት አገር ቀን በግምት ተሰጥቶታል። በአሜሪካ በጃንዋሪ 1 ቀን ተወለዱ ተብለው የተጻፉ ስንት ኢትዮጵያውያን አሉ! አንዱ መምህር በመስከረም 1፣ አንዱ የባዕድ አገር ጸሐፊ በጃንዋሪ 1 ይወልደናል።

ሕጉ አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ። ያው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ብዙ አንቀጽ ጽፎ ነበር፤ ግን በዚያው ሕግ መጨረሻ ላይ ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ አይሠራበትም ተብሎ ታገደ። ትእዛዙም ሳይወጣ ዘመን አለፈ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩት ሕፃናት ልደታቸው በመንግሥት መዝገብ የተጻፈላቸው ከመቶ 3 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። አዋጁ እንደሚለው ልደት በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ መመዝገብ አለበት። በ90 ቀን ያልተመዘገበም ዘግይቶ ይመዘገባል።

እዚህ ላይ የወላጆቻችንን ሥጋት መናቅ አይገባንም። አባቴ «ስም በመዝገብ ሲገባ ግብር ይከተላል፣ ዘመቻ ይከተላል» ይላል። ይህን ከባዶ አላመጣውም፤ በደርግ ዘመን ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና ሲታፈስ አይቷል። እኔም የመለስሁለት ይህን ነው፦ «አባባ፣ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ያልደረሰው ልጅ ሲወሰድ እናቱ ‹ገና ልጅ ነው› ብላ ስታለቅስ ምን ማስረጃ ነበራት?» አባቴ ዝም ብሎ ቆየ። መዝገብ ጉልበተኛን ሁሉ ይከለክላል አልልም። ነገር ግን ያልተጻፈ ልጅ መከራከሪያ እንኳ የለውም። አባቶቻችንም ራሳቸው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሐሳቤ ቀላል ነው። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንድ ዓመት የሚያገለግሉበት ሥርዐት ተጀምሮ ነበር። እኔ የምጠይቀው የዓመት አገልግሎት አይደለም። ወደ ወላጆቻችን ቤት ለዕረፍት ስንሄድ አንድ ደብተር ይዘን እንሂድ፤ በቤታችንና በጎረቤታችን ያሉትን ሕፃናት ልደት ከእናቶች ጠይቀን እንጻፍ፤ ከዚያም ወላጆቹን ወደ ቀበሌ እንሸኛቸው። ይህን ለማድረግ በጀትም፣ ኮሚቴም፣ ስብሰባም አያስፈልግም።

«እናቶች ቀኑን ካላወቁት ከየት ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። እናቶች ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አላስቀመጡትም እንጂ ያውቁታል። የእኅቴን ነገር ልንገራችሁ። ያን ቀን ማታ እናቴን «ክርስትና የተነሣችው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «አስተርእዮ ማርያም ዕለት ነዋ!» አለች ሳታመነታ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። አስተርእዮ ጥር 21 ነው። የተወለደችበትን ዕለት አንድ ብለን ስንቆጥር ጥር 21 ሰማንያኛው ቀን የሚሆነው ልደቷ ኅዳር 2 ከሆነ ነው። «ዓመቱስ?» አልኋት። «ክርስትና ከተነሣች ሁለት ወር ሳይሞላ በዚያ በሽታ ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ ተባለ» አለች። ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት የተዘጋው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ እኅቴ የተወለደችው ኅዳር 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። አባቴ ስለ አጨዳው መረታቱን አላመነም፤ «ያን ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ነበር» ብሎ ብቻ አለፈው።

ለወንድ ልጅ 40 ቀን ይቆጠራል። ሌላው ቤት ደግሞ በመውሊድ፣ በረመዳን፣ በከብት ዕልቂት፣ በወንዝ መሙላት ይቆጥራል። የእኛ ሥራ የእናትን ትዝታ ወደ ቀን መለወጥ ብቻ ነው። ይህን ያህል ሒሳብ ደግሞ ተምረናል።

በዓሉም ይቅር አልልም። ቀኑ ከተገኘ በኋላ ይከበር! እናት ድፎ ዳቦ ትድፋ፤ ንፍሮ ይቀቀል፤ የጎረቤት ልጆች ይጠሩ፤ ሽማግሌ ይመርቅ። ኬክ መግዛት የሚችልም ይግዛ፣ አልቆጣም። ለልጅ ትልቁ ስጦታ ግን በዚያ ቀን መወለዱ በቤትም በመንግሥትም ዘንድ መታወቁ ነው።

አባቴና እናቴ እኅቴን ይዘው ቀበሌ የሄዱት በነሐሴ ነው። ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ሲሞላት እኔ እዚህ ትምህርት ላይ ነበርሁ። ማታ ስልክ ደወልሁ። እናቴ ዳቦ ደፍታ፣ የሰፈሩ ልጆች ቤቱን ሞልተውት ነበር። ታናሽ እኅቴ ስልኩን ነጥቃ «አያ፣ ዛሬ የኔ ቀን ነው!» አለችኝ።

ጓደኞቼ፣ መጪው ክረምት ሩቅ አይደለም። ሻንጣችሁን ስታዘጋጁ አንዲት ደብተር ጨምሩበት።