ካራክተሩ የእሱ፣ ስልክ ቁጥሩ የእኔ

በምትሠሩበት ቤት ጌም የሚጫወት ልጅ ካለ ይህ ጽሑፍ ይመለከታችኋል። ልጅ ስል ትንሹን ብቻ ማለቴ አይደለም። የሃያ ዓመት ጎረምሳውም፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማረውም፣ አንዳንዴ ባባ ራሱም ይጫወታል። ጨዋታው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ዛሬ ጉዳያችን አይደለም። ጉዳያችን እንዲህ ነው፦ ተጫዋቹ አንድ አካውንት አልበቃው ይልና ሁለተኛና ሦስተኛ መክፈት ይፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ሌላ ስልክ ቁጥር ያስፈልገዋል። ቤት ውስጥ ቁጥሯን ለመጠየቅ የምትቀለው ማን ናት? የቤት ሠራተኛዋ ናት። «ቁጥርሽን ስጪኝ፣ የሚመጣልሽን ኮድ ንገሪኝ» ይላታል። ነገሩ አንድ ደቂቃም ስለማይፈጅ እሺ ማለት ይቀናናል። እኔ ግን እሺ ማለት የለብንም ባይ ነኝ።

ለምን እንደሆነ ለማስረዳት መጀመሪያ አንድ ሰው ብዙ ካራክተር እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ላሳያችሁ። የምንፈራውንም የማንፈራውንም የምንለየው ነገሩን ስናውቀው ነውና።

ካራክተር ማለት ተጫዋቹ በጨዋታው ዓለም ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው፤ ወታደር፣ ጠንቋይ፣ ሐኪም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» የሚባለው ጨዋታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ ጨዋታ ወደ አስቸጋሪ ዋሻ የሚገባ ቡድን አምስት ካራክተር ይይዛል። አንዱ ፊት ቆሞ ምቱን ይቀበላል፣ አንዱ የቆሰለውን ያክማል፣ ሦስቱ ያጠቃሉ። እንደ ደንቡ አምስት ሰዎች ተገናኝተው ነው የሚጫወቱት። አንዳንዱ ግን ጓደኛ መጠበቅ ሰልችቶት፣ ወይም ብቻውን የቡድን ያህል ለመሰብሰብ ፈልጎ፣ አምስት አካውንት ከፍቶ አምስቱንም ራሱ ያንቀሳቅሳል።

ችግሩ ዒላማ ላይ ነው። አምስቱ ካራክተሮች እያንዳንዳቸው የሚመቱትን ለየብቻ ከመረጡ አንዱ ግራ ይመታል፣ አንዱ ቀኝ፣ ሐኪሙም የማይታከመውን ሲያክም ይገኛል። ስለዚህ ተጫዋቹ አድኦን የሚባል ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ይጭናል። ከአምስቱ አንዱን መሪ አድርጎ ይሰይመዋል። ሌሎቹ አራቱ መሪው ያነጣጠረበትን ያነጣጥራሉ፣ ሲሄድ ይከተሉታል። አገር ቤት ከብት ያገደች ሰው ይህን ለመረዳት አትቸገርም። እረኛ ሃያ ከብት አንድ በአንድ አይጎትትም፤ ፊት የምትሄደዋን ይመልሳል፣ የቀረው ይከተላል።

የጨዋታው ባለቤት ኩባንያ ብሊዛርድ ለዚህ ወሰን አበጅቶለታል። ከ2006 ጀምሮ አድኦን በራሱ ዒላማ መርጦ በራሱ እንዳይመታ ተደርጓል። ዒላማውን ማሳየትና ማዘጋጀት ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ምት ግን ሰው በእጁ ቁልፍ መጫን አለበት። ከዚያ ተጫዋቾች ሌላ ዘዴ አመጡ። አንዴ የተጫኑትን ቁልፍ በአንድ ጊዜ ወደ አምስቱም መስኮት የሚያደርስ ሶፍትዌር መጠቀም ጀመሩ። በኅዋ ላይ የሚካሄደው «ኢቭ ኦንላይን» የተባለው ጨዋታ ይህን ከ2015 መጀመሪያ አንስቶ ከለከለ። ብሊዛርድም በኅዳር 2020 ከለከለው፤ አልሰማም ያለ ተጫዋች አካውንቱ እንደሚታገድ አስታወቀ። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። አንድ ሰው በአንድ ጣት ዐሥር ምት ሲመታ፣ በአንድ ካራክተር የሚጫወተው ሰው ምን ዕድል ይኖረዋል?

አንድ ነገር ልብ በሉ። ብሊዛርድ ብዙ አካውንት መያዝን አልከለከለም። አንድ ሰው በራሱ ስም፣ ለእያንዳንዱ እየከፈለ በርካታ አካውንት መክፈት ይችላል። የእናንተ ቁጥር አያስፈልገውም፣ የማንም ቁጥር አያስፈልገውም። ኩባንያው የሚያውቀው አንድ ባለቤት ነው፤ ጥፋት ቢፈጠር የሚጠየቀውም እሱ ነው።

ታዲያ የእናንተ ቁጥር የሚፈለገው መቼ ነው? ጨዋታው «ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር» ሲል ነው። «ዶታ 2» የተባለው ጨዋታ በ2017 ደረጃ የሚሰጥባቸውን ግጥሚያዎች ለመጫወት ለእያንዳንዱ አካውንት የራሱ ስልክ ቁጥር ግዴታ ነው አለ። ደንቡ የመጣው በብዙ አካውንት እየተደበቁ ጀማሪውን የሚያጠቁ፣ ሲታገዱም ወዲያው በሌላ ስም የሚመለሱ ስለበዙ ነው። እንዲህ ያለውን ተደራቢ አካውንት ተጫዋቾች «ስመርፍ» ይሉታል። ኩባንያው ቫልቭ በመስከረም 2023 ዘጠና ሺህ ስመርፍ አካውንት ማገዱን ሲያስታውቅ፣ እያንዳንዱ የማን እንደሆነ ተከታትሎ ዋናው አካውንት ላይ እንደደረሰም ገልጿል።

እንግዲህ ነገሩን አንድ ላይ እናድርገው። በንጹሕ መንገድ ብዙ ካራክተር የሚያንቀሳቅስ ሰው በራሱ ስም ይከፍታል። የቤት ሠራተኛ ቁጥር የሚለምነው በአብዛኛው «አንድ ይበቃሃል» የተባለው ወይም የታገደው ነው። እሺ ስንል የምናበድረው ሌላው እንዲደበቅበት የሚፈልገውን ስማችንን ነው።

በአረብኛ ትምህርት ቤት ሳለሁ ጀምሮ አንድ ቃል ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ ሒሳብ። አረቦች አካውንትን «ሒሳብ» ይሉታል። ቁጥር መደመርና መቀነስም ሒሳብ ነው። በፍርድ ቀን ሰው ስለ ሥራው የሚጠየቅበትም ሒሳብ ነው። እኛም ቃሉን ወስደን ባንክ ያለውን ሒሳብ፣ ቡና ቤት የሚከፈለውን ሒሳብ፣ ቂም ያለው ሰው «አወራርዳለሁ» የሚለውንም ሒሳብ እንልበታለን። በሁለቱም ቋንቋ ሐሳቡ አንድ ነው። ሒሳብ ባለበት ቦታ ከፋይ አለ። በስማችሁ የተከፈተ ሒሳብ ሲጠየቅ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው።

በዚህ አገር ደግሞ ቁጥርና ስም የተጣበቁ ናቸው። በ2012 የቴሌኮም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት «ረቅሚ ሁዊየቲ» የሚል ዘመቻ ጀምሮ፣ የኢቲሳላትም ሆነ የዱ ደንበኛ ሁሉ ሲሙን በመታወቂያው እንደገና እንዲያስመዘግብ አድርጎ ነበር። በአማርኛ «ቁጥሬ ማንነቴ» ማለት ነው። ብዙ ጽሑፍ ተርጉሜአለሁ፤ እንደዚህ ሁለት ቃል ሳያንስ ሳይበዛ ነገሩን የሚናገር ግን ጥቂት ነው የገጠመኝ። በስማችሁ የተመዘገበ ቁጥር ያደረገው ሁሉ፣ እስኪጣራ ድረስ እናንተ ያደረጋችሁት ይመስላል።

«ጨዋታ እኮ ነው፣ ምን ሊመጣ?» የምትል እህት ትኖራለች። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ምንም አይመጣም። ልጁ ይጫወታል፣ ይሰለቸዋል፣ ይተወዋል። የሚያሳስበኝ ሲመጣ የሚመጣው ነው። ሦስት ነገር ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ስድብና ማጭበርበር ነው። በጨዋታ ውስጥ ሰዎች ይጻጻፋሉ፣ በድምፅ ይነጋገራሉ፣ ዕቃ ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ። በ2021 የወጣው የኤምሬትስ የሳይበር ወንጀል ሕግ ቁጥር 34 በኢንተርኔት ሰውን መሳደብንም፣ ማጭበርበርንም ወንጀል ያደርጋል። የተሰደበው ወይም ገንዘቡን የተበላው ሰው ቢከስ፣ ፍለጋው ሊጀምር የሚችለው ከቁጥሩ ነው። ቁጥሩ የሚያደርሰው ደግሞ እናንተ መታወቂያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። በዚህ አገር የጨዋታ ዕቃን በስልክ ሒሳብ መግዛት ይቻላል። ኮዱን ከሰጣችሁት፣ ጨዋታው የሚሸጠው ሰይፍና ልብስ ከእናንተ ካርድ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። አገር ቤት ለእናት የሚደወልበት ገንዘብ ነው እንግዲህ።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የከፋው፣ ኮዱ ራሱ ነው። ስልካችሁ ላይ የሚመጣ ኮድ ሁሉ የጨዋታ ኮድ አይደለም። ዋትሳፕን በሌላ ስልክ ላይ ለመክፈት የሚያስፈልገው ስድስት አሃዝ ነው። ስድስቱን አሃዝ የነገራችሁት ሰው ዋትሳፓችሁን ወስዶ በስማችሁ ለእህታችሁ፣ ለጓደኛችሁ «ቸግሮኛል፣ ገንዘብ ላኪልኝ» ሊል ይችላል። ልጁ ባያደርገው እንኳ ልጁን ኮድ የጠየቀው፣ በጨዋታ ብቻ የሚያውቀው ሰው ሊያደርገው ይችላል። ኮድ ለመስጠት የለመደ አፍ የትኛው ኮድ ለምን እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ጥያቄው ከአሠሪ ቤት ብቻ አይመጣም። ከራሳችንም ይመጣል። ሰናይያ የሚለው ስም «ሲናዓ» ከሚለው አረብኛ የመጣ ነው፤ ኢንዱስትሪ ማለት ነው። አቡ ዳቢ ያለን ሙሳፋህን፣ አል ዐይን ያለን ደግሞ ያንን የጋራዥ ሰፈር ሰናይያ እንለዋለን። ወንድሞቻችን ጎማና ሞተር የሚፈቱበት፣ እኛም በዕረፍት ቀን ዘመድ የምንጠይቅበትና ስልክ የምናሠራበት ቦታ ነው። ቀኑን ሙሉ በሙቀት ሲሠራ የዋለ ወንድም ማታ በስልኩ ቢጫወት የሚፈርድበት የለም። እሱም ግን «አንቺ ጌም አትጫወቺ፣ ቁጥርሽ ለእኔ ይሁነኝ» ቢል መልሱ ያው ነው። ዘመድ መሆኑ የቁጥሩን ባለቤት አይለውጥም። ስልክ ለጥገና ስትሰጡም ሲሙን አውጥታችሁ ያዙ። ከሰው እጅ ተገዝቶ የመጣ፣ በማን ስም እንደወጣ የማይታወቅ ሲምም አትቀበሉ፤ ባለስሙ በፈለገ ቀን ያስዘጋዋል፣ ዋትሳፓችሁም ቴሌግራማችሁም አብሮት ይሄዳል።

ከባዱ ነገር እምቢ ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ደመወዝ የሚከፍል ቤት ልጅ ሲጠይቅ «አልሰጥም» ማለት ቀላል አይደለም። አንዳንዷም ልጁን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ናት፤ አንጀቷ አይችልም። ግን እምቢታ ሁሉ ጠብ አይደለም። ለልጁ በለዘበ ድምፅ «ሳሚሕኒ ሐቢቢ፣ ረቅሚ ቢስሚ፣ ማ አግደር» በሉት። «ይቅርታ ውዴ፣ ቁጥሬ በስሜ ነው፣ አልችልም» ማለት ነው። ቀጥላችሁም «ኢስአል ባባ» በሉት፤ አባትህን ጠይቅ ማለት ነው። ልጁ አባቱን ለመጠየቅ ካፈረ መልሱን ራሱ ሰጣችሁ ማለት ነው። የአባቱ ቁጥር የማይሆንለት ነገር በእናንተ ቁጥር ሊሆን አይገባም።

የጠየቀችው ማዳም ከሆነች ደግሞ ሕጉ ከጎናችሁ እንዳለ እወቁ። በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 መታወቂያና ፓስፖርታችሁ በእጃችሁ እንዲቆይ መብት ይሰጣችኋል። ያለ ፈቃዳችሁም ከውላችሁ ውጪ የሆነ ሥራ እንዳትታዘዙ ይከለክላል። ማብሰል፣ ማጽዳት፣ ልጅ መያዝ ውል ላይ ይጻፋል። ለጨዋታ ስም ማበደር ግን የማንም ውል ላይ የለም። ማስገደድ ከመጣ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ስልክ 600590000 ነው።

ከዚህ በፊት የሰጣችሁም አትደንግጡ። ዛሬ የሚደረግ አለ። የቴሌኮም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት «ሒሳባቲ» የሚባል አገልግሎት አለው፤ «ሒሳቦቼ» ማለት ነው። በዩኤኢ ፓስ ገብታችሁ በኤምሬትስ መታወቂያችሁ ስንት ቁጥር እንደተመዘገበ ታያላችሁ። የማታውቁት ካለ ኢቲሳላት ወይም ዱ ቢሮ ሄዳችሁ አዘጉት። ዋትሳፕ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ክፈቱና የራሳችሁን ሚስጥር ቁጥር አስገቡ። ልጁንም አካውንቱን ከቁጥራችሁ እንዲያላቅቅ ጠይቁት፤ በየጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ ይገኛል። የሚያስፈራራ ወይም የማጭበርበር ነገር ከደረሰባችሁ የአቡ ዳቢ ፖሊስ «አማን» አገልግሎት 8002626 ነው፤ አል ዐይን ያላችሁም በእሱ ትደውላላችሁ።

የጨዋታ ኩባንያዎች ለተረትና ለጠንቋይ ዓለም እንኳ ደንብ አውጥተዋል። መሪው ዒላማ ይምረጥ፣ ተከታዩ ይከተል፣ ቁልፉን የሚጫን ግን ባለቤቱ ይሁን ብለዋል። እኛ በእውነተኛው ዓለም፣ በእውነተኛ መታወቂያ የምንኖር ሰዎች ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ልናደርግ አይገባም። ልጁ አምስትም ዐሥርም ካራክተር ያንቀሳቅስ፣ ደስ ይበለው። ስድስተኛዋ ካራክተር ግን እናንተ አትሁኑለት።