ቅጣቱስ ይሁን፣ ይግባኙስ?



በደረጃው ላይ በርበሬ ማስጣት፣ በኮሚናሉ ደጃፍም የበቆሎ ጆንያ መደርደር በደንባችን ያስቀጣል። ተገቢ ነው። ከቡሬ ወይም ከጃቢ ጠህናን ገጠር ዘመድ ጭኖ ሲመጣ እዚህ ፍኖተ ሰላም ደስ የማይለው የለም፤ ነገር ግን አሮጊትና ሕፃን የሚወጣበት መንገድ ይዘጋ ማለት አይደለም።

ቅር ያለን ሌላ ነው። ቅጣቱን የሚጽፈውም፣ አቤቱታውን የሚሰማውም፣ ገንዘቡን የሚቀበለውም ያው ኮሚቴ ነው። ታዲያ ሰው ለማን ይናገር? በጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ማኅበሩ የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ ነው፤ የበላዩም ጠቅላላ ጉባኤው እንጂ ኮሚቴው አይደለም። እድር እንኳ ከቀብር የቀረን ሰው ከመቅጣቱ በፊት «ምን ገጠመህ?» ይላል እኮ! ታሞ ከነበረም ይተውለታል።

ስለዚህ ጥፋቱ ከነቀኑ በጽሑፍ ይድረስ፤ ለመልስ 10 ቀን ይሰጥ፤ ይግባኙንም ከኮሚቴው ውጭ ጉባኤው የሚመርጣቸው 3 ሰዎች ይዩት። እስኪወሰን ድረስ ገንዘቡ አይሰብሰብ። ከዚያ ወዲያ አልከፍልም የሚል ጎረቤት ቢገኝ እኛም ከኮሚቴው ጋር ቆመን እናስከፍላለን። ነገሩ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይያዝልን።