እማዬ መንገድ የጠፋት ቀን

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

እማዬ ፒያሳ አካባቢ ከ40 ዓመት በላይ ኖራለች። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገባን። በሁለተኛው ሳምንት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ቀረች። ስንፈልጋት ስንፈልጋት ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆይተን የማናውቃቸው ሰዎች ቤት ቡና ስትጠጣ አገኘናት። ለካ ብሎክ ተሳስታ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ "ክፈቱልኝ እንጂ!" እያለች የሰው በር ስትደበድብ ነበር። እግዜር ይስጣቸው፣ ሰዎቹ አስገቧት።

ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ወሰነ፦ "እርጅና ነው፤ ከእንግዲህ ብቻዋን አትውጣ።" ውሳኔውን አጥብቄ የደገፍኩት እኔ ነበርኩ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪው። ይህን የምጽፈውም ስለተሳሳትኩ ነው።

ወር ያህል መስኮት ላይ ተቀምጣ ከረመች። አንድ ቅዳሜ ግን የድሮ ጎረቤታችን ወንድም መሞቱን ሰማች። ጎረቤታችን የደረሳት ቤት ከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። እማዬ ማንንም ሳታስፈቅድ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ሦስት ታክሲ ቀይራ፣ ጠይቃ፣ ለቅሶ ደርሳ፣ ሳይመሽ ተመለሰች። "እንዴት አገኘሽው?" ብላት "ለቅሶ እኮ ነው! ካልደረስኩ ምን ሰው እባላለሁ?" አለችኝ። ዳቦ ቤቱ ጠፍቷት ለቅሶ ቤቱ አልጠፋትም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። ዕድሜ መንገድ የመለየት ችሎታን ይቀንሳል፣ ይሄ እውነት ነው። በ2016 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ "ሲ ሂሮ ክዌስት" የሚባል የስልክ ጨዋታ አለ። ተመራማሪዎች የሰዎችን መንገድ የማግኘት ችሎታ ለማጥናት ያዘጋጁት ነው፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው ተጫውቶታል። ውጤቱ ግን የሚገርም ነው፤ ቁልቁለቱ የሚጀምረው በ70 ዓመት ሳይሆን ገና በወጣትነት ነው፣ ቀስ እያለ። ስለዚህ እኔም በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ ቁልቁለቱን ጀምሬዋለሁ ማለት ነው። ማን ማንን ነው "አርጅተሻል" የሚለው?

ሌላው የለንደን ታክሲ ሹፌሮች ጉዳይ ነው። ፈቃድ ለማግኘት ከከተማው መሀል ዙሪያ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ያሉትን 25,000 ያህል መንገዶች በቃል ማጥናት አለባቸው፤ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ኤሊኖር ማጓየር የተባለችው ሳይንቲስትና ባልደረባዋ ሠልጣኞችን ከትምህርቱ በፊትና በኋላ አንጎላቸውን አነሷቸው። ከ79ኙ 39ኙ አለፉ። ቦታን በማስታወስ ትልቅ ሥራ ያለው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ባለፉት ላይ ኋለኛው ጎኑ ጨምሮ ተገኘ፤ በወደቁት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ሲጀምሩ ልዩነት አልነበራቸውም። ያለፉት በሳምንት የሚያጠኑት ሰዓት ግን ከወደቁት እጥፍ ያህል ነበር። እነዚህ ሁሉ ጎልማሶች እንጂ ልጆች አይደሉም።

በሌላ ጥናት ደግሞ ይኸው ለውጥ በተወሰኑ መስመሮች ብቻ በሚመላለሱ የአውቶቡስ ሹፌሮች ላይ አልተገኘም። እንግዲህ መንዳት ብቻውን በቂ አይደለም ማለት ነው፤ መንገዱን ራስህ ማሰብ አለብህ።

እኛ እማዬን ያደረግናት ምንድን ነው? አዲሱን ሰፈር ስናሳያት እጇን ይዘን ጎተትናት። እጁን ተይዞ የሚሄድ ሰው መንገድ አያይም። የእሷ ካርታ ደግሞ የተሠራው በሱቅ፣ በዛፍ፣ በግንብ አጥር ነበር፤ እሱ ፈርሷል። አሁን ያሉት ሕንፃዎች እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ናቸው። እኔ ራሴ ባለፈው የስልኬ ባትሪ አልቆ የጓደኛዬን ቤት አጥቼ ተመልሻለሁ፤ አምስት ጊዜ የሄድኩበት ቤት! እኔን ግን ማንም "ከቤት አትውጣ" አላለኝም።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሰው ለዓመታት የሚያውቀው ቦታ ላይ ደጋግሞ ከጠፋ፣ "እርጅና ነው" ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የአልዛይመር በሽታ ገና ሲጀምር ከሚያሳያቸው ምልክቶች አንዱ ይኼ ነው። አዲስ ቦታ መጥፋትና የራስን ሰፈር ማጣት አንድ አይደሉም።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ወላጆቻችሁን አዲስ ሰፈር ስታስለምዱ እነሱ ይምሩ፣ እናንተ ከኋላ ተከተሉ። ስልክ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ቦርሳቸው ውስጥ ክተቱ፣ ከጎረቤት አስተዋውቋቸው። ከሁሉም በላይ የሚሄዱበት ምክንያት አታሳጧቸው። ዕድሜን ማቆም አንችልም፤ ማኅበሩን፣ ዕድሩን፣ ቡናውን ግን "ይቅርብሽ" የምንለው እኛው ነን። የሚሄድበት የሌለው ሰው መንገድ ለምን ያስታውሳል?

እማዬ አሁን ብቻዋን ትወጣለች። ብሎካችንን የምትለየው በውሃ ታንከሩና ምድር ቤት ባለችው ጎመን ሻጭ ነው። "ቁጥሩ ለእናንተ ነው" ትላለች። ትናንት እንዲያውም አዲስ የገባች ጎረቤት መንገድ ጠፍቷት እጇን ይዛ አምጥታታለች።

እስኪ የእናንተስ እናት አባት ብቻቸውን የወጡት መቼ ነው? ጻፉልኝ። ሰላም እደሩ።