ቧንቧው ሲዘጋ የመድኃኒቱ ቁጥር ማንን ይመለከታል?

በሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ላይ በሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎች ሴፍትሪያክሶን ለምን እንደ ተመረጠ ሲጠየቅ፣ «ሐሞት ውስጥ በብዛት ስለሚገባ» የሚለው መልስ ይቀድማል። እኔም በመጀመሪያው የጥናት ዕቅዴ ይህንኑ ጽፌ ነበር። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ የትኛውን ሕመምተኛ እንደሚመለከት ግን አይናገርም።

ከመድኃኒቱ ጋር የሚታተመው የመረጃ ሰነድ እንደሚያሳየው፣ 1 ግራም በደም ሥር ከተሰጠ ከ1 እስከ 3 ሰዓት በኋላ በደም ፕላዝማ 62.1፣ በከረጢቱ ሐሞት 581፣ በዋናው ቧንቧ ሐሞት ደግሞ 788 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ተለክቷል። ሁላችንም የምንጠቅሰው እነዚህን ነው። በዚያው ሰነድ የሰፈረው የከረጢቱ ግድግዳ ልኬት ግን በግራም 78.2 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ከፕላዝማው ብዙም አይርቅም።

ልዩነቱ የመጣው ከመንገዱ ነው። በሐሞት ውስጥ የሚገኘውን መድኃኒት የጉበት ሕዋሳት ከደም ወስደው ያስወጡታል፤ ሐሞቱም ከረጢቱን ከዋናው ቧንቧ ጋር በሚያገናኘው ቀጭን መተላለፊያ በኩል ይገባል። ግድግዳው ግን ድርሻውን የሚያገኘው በራሱ የደም ሥሮች ነው። ስለዚህ ጠጠር ቀጭኑን መተላለፊያ ሲዘጋው አዲስ ሐሞት ወደ ከረጢቱ አይዘልቅም። ዋናው ቧንቧ ሲዘጋ ደግሞ ጉበት ራሱ መድኃኒቱን ወደ ሐሞት ማስወጣት ይሳነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የቶኪዮ መመሪያም ይህንኑ ያስገነዝባል። በአጣዳፊ ሕመም ወደ እኛ የሚመጣው ሰው በአብዛኛው ከሁለቱ አንዱ የደረሰበት ነው። የምንጠቅስለት ቁጥር የተለካው ሐሞት በሚፈስበት አካል ውስጥ ሲሆን፣ የእርሱ ሐሞት ቆሟል።

(ብዛቱ ራሱ ዕዳ እንዳለው አይዘነጋም፤ ሴፍትሪያክሶን በሐሞት ውስጥ ከካልሲየም ጋር ተዋህዶ በአልትራሳውንድ ጠጠር መስሎ የሚታይ ዝቃጭ ይፈጥራል። ኢንተሮኮከስን ግን የቱንም ያህል ቢከማች አይገድልም።)

የሚያሳስበኝ ቁጥሩ የሚሰጠው መጽናኛ ነው። «ጥሩ መድኃኒት ጀምረናል» ሲባል፣ የተበከለውን ሐሞት የማፍሰሱ ሥራ ለነገ ሊቆይ ይችላል፤ በተዘጋና በተበከለ ዋና ቧንቧ ላይ ግን ዋናው ሕክምና ማፍሰሱ ነው። መድኃኒቱም ዘር መርዝ ወደ ደም እንዳይዘልቅ ይከላከላል እንጂ ቧንቧውን አይከፍትም።

ስለሆነም በዚህ ርእስ የምንሠራ ተማሪዎች የሐሞቱን ልኬት ብቻውን ማቅረብ ብንተው እላለሁ። ቧንቧው ክፍት ነበር ወይስ ዝግ? ናሙናው የተወሰደው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው? ከግድግዳውስ ምን ተገኘ? በተሻሻለው ዕቅዴ እነዚህ ሦስት ዓምዶች ከሐሞቱ ልኬት በፊት ገብተዋል። የግድግዳው ናሙና ተጨማሪ ቁስል አይጠይቅም፤ ከረጢቱ ቀድሞውኑ ተቆርጦ በሳሕኑ ላይ ተቀምጧል።